ዛህራ በቀን የበላችው መጠቅለያ

ይድረስ ጅዳ ላለችው፣ ከዓይኔ ብትርቅም ከአፌ ላልጠፋችው ታላቅ እህቴ ከድጄ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? እጅሽን የሚልጠው የሳሙና ነገር ተሻለሽ ወይስ ማዳምሽ አሁንም ጓንት መግዛት እንዳሳሳት ነው? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አገር ዝናቡ ገብቶ ቀኑ ቀዝቀዝ ስላለ የመግሪብ አዛን ሳናስበው ይደርስልናል። አንቺ ግን በዚያ ሐሩር ምድጃ ሥር ቆመሽ ለሰው ሳምቡሳ ስትጠብሺ እየታየን፣ ማፍጠሪያ ሲቀርብ ስምሽን ሳናነሳ እጃችንን የምንዘረጋበት ቀን የለም። እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬን ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። አባባ ተራዊሕን እስከ መጨረሻው ቆሞ ይሰግድና ቤት ሲገባ ወገቤን እያለ ያቃስታል፤ እሱን ተይው፣ አመሉ ነው።

በስልክ «ሼዱ ምን ሆነ?» ስትዪኝ «ደህና ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ» እያልኩ የማድበሰብሰው ወሬ አጥቼ አይደለም። እማዬ ስልኩን ድምፁን ከፍታ መሃል ቤት ታስቀምጠዋለች፤ አባባም ሙባሪክም ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም ይሰማዋል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ በወንድ ፊት የሚነገር አይደለም፤ ወይም አይደለም ሲባል ነው የኖርነው። አሁን የሰይዶ እናት ለዑምራ ስለሚመጡ በእጃቸው ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሉ ከተንጋደደ የንዴቴ ነው እንጂ ትምህርቴን ረስቼው አይደለም።

ቡታጅራ አንቺ የምታውቂያት ቡታጅራ አይደለችም። መንገድ ዳሩ ሁሉ ጁስ ቤት ሆኗል። ጁሱ መልካም፣ ግን የአቮካዶው የውስጥ ፍሬ በጆንያ በጆንያ ቦይ ውስጥ ይደፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ከፌስታል ጋር ተጠላልፎ የውሃ መውረጃውን ይዘጋውና መንገዱ ሐይቅ ይሆናል። እኔና ዛህራ፣ ያቺ ልጅ እያለች አንቺ ፀጉሯን ትሠሪላት የነበረችው ዛህራ፣ ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ስንማር መምህራችን ማዕዶት ከዚያ ከሚጣለው ፍሬ ስታርች አውጥቶ የሚበላ መጠቅለያ መሥራት እንደሚቻል አሳይታን ነበር። ተመርቀን ሥራ አጥተን ቤት ስንቀመጥ ትዝ አለንና እኛ ጓሮ ጀመርነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ፍሬውን ልጠን በካሮት መፈቅፈቂያ እንፈቀፍቀውና ሎሚ የገባበት ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፤ አለበለዚያ እንደ ሸክላ ይቀላል። ከዚያ በጨርቅ ጨምቀን ውሃው እስኪጠል እንተወዋለን። እማዬ መጀመሪያ ቀን አይታን «ይኼማ ቡላ ነው፤ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የሄዳችሁት?» ብላ ሳቀችብን። እውነቷን ነው፣ ነጩ ዝቃጭ ልክ እንደ ቡላ ከሥር ይተኛል። ምሬቱ እስኪለቅ ውሃ እየቀየርን ደጋግመን እናጥበዋለን። ደርቆ ዱቄት ሲሆን ከውሃና ከጥቂት ግሊሰሪን ጋር አብስለን ትሪ ላይ በስሱ እናፈሰውና ጥላ ሥር እናደርቀዋለን። ከትሪው ሲነሳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ግሊሰሪኑን ከምን ስብ እንደተሠራ ካላወቅሁ ቤቴ አይገባም ብላ እማዬ ስታስቸግረን፣ ከአትክልት መሠራቱ የተጻፈበትን ጠርሙስ ፈልገሽ የላክሽልን አንቺ ነሽ። ለምን እንደሆነ እንኳ በደንብ ሳይገባሽ ላክሽው፤ አላህ ይስጥሽ።

መጠቅለያው ውሃ ከነካው ይሟሟል፤ እርጥብ ነገር አይያዝበትም። ይህን ከማንም አልደበቅንም፤ እንዲያውም ሥራችንን የሠራነው በእሱ ነው። ከቆሼ ከተማ የሚመጣውን የማረቆ በርበሬ ለአንድ ድስት የሚበቃውን እየመጠንን አሸግንበት። ወጥ ሠሪዋ እሽጉን ሳትቀድ ድስቷ ውስጥ ጣል ታደርገዋለች፤ መጠቅለያው ወጡ ውስጥ ይቀልጣል፣ እጅ አያቃጥል፣ ቦይ የሚዘጋ ፌስታል አይተርፍ። ለረመዳን ደግሞ ቴምር ጠቀለልንበት። ማዕዶት ወስዳ ቤተ ሙከራ አስመረመረችልን፣ የሚጎዳ ነገር አልተገኘበትም አለችን። እኛማ ሠርተን ያነሳነውን ሁሉ መጀመሪያ የምንቀምሰው ራሳችን ነን። ረመዳን ሳይገባ ስንቱን ትሪ ቀምሰን ጨረስነው!

ታዲያ ወልቂጤ ላይ የወጣቶች የፈጠራ አውደ ርዕይ ይካሄዳል፣ ላሸነፈ ቡድን በየከተማው የመሥሪያ ሼድ ይሰጠዋል ተባለ። ያኔ ነው ቃል የገባሁልሽ። ሳዑዲዎቹ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሳይቀጣ ይውጣ ብለው የሰጡት የምሕረት ጊዜ ሳያልቅ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ነይ፣ ሼዱን ካገኘን ሦስታችን እንሠራለን ያልኩሽ። አውደ ርዕዩን ረመዳን ላይ ምን ጣለው ብትዪ፣ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ መደረግ ስላለበት ነው አሉን። በጀት ሲጾም አይታይም መቼም።

የአወዳዳሪዎቹ ሰብሳቢ አቶ ያረጋል የሚባል፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ኃላፊ ነበር። ነጋዴውን ወክሎ ከጎኑ የቆመው ደግሞ የራሳችን ሰው፣ መስጊዱ መውጫ ላይ በርበሬ የሚነግደው ሐጂ ሙስተፋ ነው። የዛህራ እጮኛ ዑመይር የእህቱ ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አይቼው ደስ አለኝ፤ ከእኛ ከተማ አንድ የሚያውቀን ሰው አለ ብዬ ልቤ ረጋ።

አቶ ያረጋል መጠቅለያውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ «ይበላል ነው የምትሉት? እንግዲያው ብሉታ!» አለ። እኔ በትሕትና ረመዳን መሆኑን፣ ጾመኞች መሆናችንን፣ መግሪብ ሲል ፊታቸው እንደምንበላው ነገርኩት። ካልሆነም እርስዎ ይቅመሱት፣ የሰኔም ጾም ቢሆን ቅቤም ወተትም የለበትም አልኩት። «ባለቤቱ ያልቀመሰውን እኔ ምን በወጣኝ!» አለና ሰዉን አሳቀብን። ቀጥሎም ለጸሐፊው «ሠሪዎቹ ራሳቸው ለመብላት ፈቃደኛ አይደሉም ብለህ ያዝ። ሲያመች ጾም ነው» አለው። በዚያች አፍታ ፊቴ እንዴት እንደጋለ አልነግርሽም። አንድ ሰው ጾሜ ማምለጫ ነው ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐጂ ሙስተፋን ዓይን ዓይኑን አየሁት። «ልጆቹ ጾመኞች ናቸው፣ እስከ ማታ እንጠብቃቸው» ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። ምን ይጎድልበት ነበር? ጫማውን አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ስልኩን አየ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይህን ሰውዬ በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም።

አሁን ብቻሽን አንብቢው ያልኩሽ ጋ ደረስን። ዛህራ ያን ቀን ጾመኛ አልነበረችም። ወሯ መጥቶ ነበር። እኔ እንኳ አላወቅሁም፤ ጠዋት መናኸሪያ ስንገናኝ ከንፈሯ ደርቆ እንደ ማንኛችንም ጾመኛ መስላ ነው ያገኘኋት። እንዴት እንደምንሆን ታውቂዋለሽ። ጾምም ሶላትም ከተነሳልን በኋላ ለሌሊቱ ሱሁር ከወንዶቹ ጋር እንነሳለን፣ ቀን ጓዳ ገብተን በር ዘግተን ቁራሽ እንጎርሳለን፣ አፋችንን ተጉመጥምጠን እንደ ጾመኛ እንወጣለን። ያጎደልነውን ቀን ቀዷም ከረመዳን በኋላ ተደብቀን እናወጣለን። አባባን ብትጠይቂው ሴት ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ቀን ሳያጎድሉ የጾሙ ነው የሚመስለው።

ዛህራ እጇን ዘረጋችና መጠቅለያውን ከአቶ ያረጋል እጅ ወሰደችው። ለሁለት አጠፈችው፣ ቢስሚላህ አለች፣ ጎረሰችው። ሁሉም እያያት አኝካ ዋጠች። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ በመጠቅለያ የተሸፈነች ቴምር አንስታ ደገመች። «ይበላል» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

አቶ ያረጋል «ይኸው፣ ለካ ይቻላል!» ብሎ አጨበጨበ። የገባው ነገር የለም። ጾማችን ሲዘበትበት ድዳ ሆኖ የቆመው ሐጂ ሙስተፋ ግን ይሄኔ ምላሱን አገኘው። «አስተግፊሩላህ! አንቺ ልጅ፣ በረመዳን? በጠራራ ፀሐይ? የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጮኸባት። የማን ልጅ እንደሆነች ጠፍቶት ነው? ወንድሞቹን ይዞ ሄዶ ለእህቱ ልጅ የለመናት እሱ አይደለም? ደግሞስ ሴት ልጆች ያሳደገ ሰው፣ ሐይድ ላይ ላለች ሴት ጾም እንደሌለባት ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ቁርአን ቤት ደጅ ያልደረሰ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል! ዛህራ ምን ትመልስ? ወይ ኃጢአተኛ ነኝ ማለት ነው፣ ወይ ለወልቂጤ ሕዝብ በሙሉ ወሯ መሆኑን ማውጣት ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። የገባቸው ሴቶች ዓይናቸውን ሰበሩ። እኔም ቃል አልወጣኝም፣ ይኸው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

አሸነፍን፣ ከድጄ። ሼዱን ሰጡን። ቁልፉን ያስረከቡን በጭብጨባ ነው። እስቲ በዚህ ደስ ይበልሽ ብዬ በስልክ እንዴት ልበልሽ?

በጉብሬ በኩል በሚኒባስ ስንመለስ ዘቢዳር ተራራ ላይ መግሪብ ደረሰ። አንድ የከተማችን ሰው ቴምር አውጥቶ ለተሳፋሪው ማደል ጀመረ። ዛህራ ጋ ሲደርስ እጁን በላይዋ አሳልፎ ለእኔ ሰጠኝና «እሷ በልታለች» አለ። ለሁሉም የበቃ ቴምር ለእሷ ሲሆን አለቀ! የደረሰኝን ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። አልነካችውም። መስኮት መስኮቱን እያየች ቡታጅራ ገባን።

ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር። ረመዳንን በአደባባይ የበላች ልጅ የጠቀለለችውን በርበሬ ማን ድስቱ ውስጥ ይጨምራል ተባለ። ይወስዱልን የነበሩ ሱቆች እሽጉን መለሱልን። ከዒድ በኋላ ሊሆን ቀን የተቆረጠለትን ሠርግ የዑመይር እናት «ነገሩ ከዒድ በኋላ ይታያል» ብላ ላከች። ዑመይር ራሱ እኔ ጋ መጣና «እውነት ነው?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ? «እናትህንና እህቶችህን ረመዳን በየወሩ ስንት ቀን እንደሚጾሙ ጠይቅ፣ ከዚያ ና» አልኩት። በንዴቴ ረመዳንን በየወሩ አደረግኩት! ልጁ ግን የምለው ገባው፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ ሄደ። ቢያንስ ያፍራል።

እማዬም አናደደችኝ። ዛህራን ትወዳታለች፣ ሆኖም «ምናለ ዝም ብትል? ሼዱ ቢቀርስ? ሴት ልጅ ገመናዋን አደባባይ ታወጣለች?» አለች። ገመና! አላህ ራሱ አርፋችሁ ብሉ ብሎ ያነሳልንን ነገር ማነው ገመና ያደረገው? ሌባ ይመስል ጓዳ ለጓዳ የምንጎርሰው ከማን ሰርቀን ነው? ይህን ስላት ተነስታ ወደ ምድጃዋ ሄደች። ዛህራ ግን በሯን ዘግታ ተቀመጠች፤ የማፍጠሪያ ሾርባ ስወስድላት እንኳ በእናቷ እጅ ነበር የምትቀበለኝ።

ትናንት የእኔም ቀን መጣ። ከመጣ በኋላ ብዙ አላሰብኩም፤ ካሰብኩ እንደምተወው አውቃለሁ። ክንዴን የሚያክል የውሃ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። የቀትሩ ዙህር ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ሐጂ ሙስተፋ ሱቅ ፊት ለፊት ቆምኩና ክዳኑን ከፍቼ ጠጣሁ። ቸኩዬ ስጎነጭ ውሃው አገጬ ላይ ፈሰሰ። እሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ አፉንም ከፈተ። ቀደምኩት። «ሐጂ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ለምን እንደምጠጣም ያውቃሉ። ዛህራም የበላችው በዚሁ ነው» አልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ ከሱቁ ውስጥ፣ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ፣ «ሰልሚያ፣ ሁሉንም እንዳትጨርሺው» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቱ እቴ ሸምሲያ ናት። በርበሬ የነካ እጇን በሻርፗ ጠራርጋ ወጣች፣ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበለች፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት ቆማ ጠጣች። አፏን ጠርጋ ወደ ባሏ ዞረችና «እኛ የጠጣነው ውሃ ነው። ልጅቱን በአፉ ሲበላት የሰነበተው ጾመኛው ነው» አለችው። ሐጂ ሙስተፋ ሱቁ ውስጥ ገባ። ጫማውን ሲያይ እንደነበር እገምታለሁ። ሁለት ሴቶች ከአትክልት ተራ በኩል ሲያዩን ነበር፤ አንደኛዋ ሳቀች፣ ሌላዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም መቼም።

አባባ ማታ ወሬው ደርሶት ገባ። ማፍጠሪያ ላይ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ አለቀልኝ አልኩ። ከበላ በኋላ ለእማዬ «ለልጅቱ ለነገ ቀን ምግብ አስቀምጪላት» አለና ለተራዊሕ ወጣ። ከድጄ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ ግን ምሳዬን ሳሎን ነው የበላሁት።

ዛህራ ዛሬ ጠዋት በራሷ እግር መጣችና የሼዱን ቁልፍ ጠየቀችኝ። አብረን ከፈትነው። ቆርቆሮው አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፣ ውሃም ገና አልገባለትም፤ ሲሰጡን ይህን አልነገሩንም፣ ለጭብጨባው ቸኩለው ነው። ከዑመይር ቤት እስካሁን ሰው አልመጣም። ስሙን ሳነሳባት «ከዒድ በኋላ ይታያል ያሉት እነሱ ብቻ አይደሉም። እኔም አያለሁ» አለችኝ። የተመለሰልንን በርበሬ ሁሉ እቴ ሸምሲያ ሱቁ ውስጥ፣ ባሏ ዓይን ሥር ደርድራዋለች። ማን እንደሚገዛው እናያለን።

ስለዚህ መምጣትሽን በተመለከተ መልሴ ይኸው ነው፤ ነይ። ደህና ቦታ ስለሆነ አይደለም ነይ የምልሽ። ሰው እንደሚያናድድ አይተሻል። ግን እዚያ ማዳምሽ ስትጮህብሽ ብቻሽን ነሽ፤ እዚህ ሲጮሁብን ሦስት እንሆናለን። የምሕረቱ ጊዜ ሳያልቅ ወረቀትሽን ጨርሺ።

እማዬ ዓይኔ ሳይፈዝ ልይሽ ብላለች። አባባ ዱዓ አድርጎልሻል፣ ዘምዘም እንዳትረሺ ይልሻል። ሙባሪክ ስልክ አምጪልኝ ብሏል፤ አትስሚው። የዛህራ እናት ሰላም ብላሻለች። እቴ ሸምሲያ፣ ስምሽን ስነግራት፣ ያቺ ረጅሟ ልጅ? ብላ ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች። መምህር ማዕዶትም ግሊሰሪኑን የላከችውን እህትሽን አመስግኚልኝ ብላለች።

ዛህራም ሰላም ብላሻለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ሰላምታ ልካ አታውቅም፤ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ደብዳቤው መሃል ያገኘሻት በመጠቅለያ የተሸፈነች ቴምር የእሷ እጅ ሥራ ናት፣ እንዳትቀድጂው፣ ከነመጠቅለያዋ ትበላለች። መግሪብ ሲል ብዪያት፤ ካልሆነም ሲመችሽ በቀን ብዪያት፣ ማንም አይጠይቅሽ።

የምትወድሽና የምትናፍቅሽ እህትሽ
ሰልሚያ

ቡታጅራ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.